ከመረብ አውጥቼ የለቀቅኳት ወፍ ሰመጠችብኝ፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

የሐይቁ ልጅ፦
ሰላም የወሎ ልጆች እንዴት ከረማችሁ። አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ በጠዋት በገዳሙ በኩል ባለው የሐይቁ ዳር ስሄድ ደንገሉ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንፈራገጥ ሰማሁ፣ ጠጋ ብዬ ሳይ አንድ ትልቅ የውኃ ወፍ ናት፣ ማን እንደጣለው የማይታወቅ አሮጌ የናይለን መረብ ክንፏንም እግሯንም ጠፍሮ ይዟታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትታገል ያደረች ነው የምትመስለው፣ ላባዋ በጭቃ ርሶ ተጣብቋል። በምላጭ ቆራርጬ አወጣኋት። እጄን ሁለቴ ነክሳኛለች፣ እሱስ ይሁን። ከዛ ደስ ብሎኝ በይ ሂጂ ብዬ ወደ ውኃው ወረወርኳት። ትዋኛለች ብዬ ነዋ፣ የውኃ ወፍ አይደለች? እንደ ጨርቅ ተዘርግታ ቀረች። አንገቷን አንዴ ቀና አደረገች ከዛ ዝም። ገብቼ እስክደርስ አበቃ።

ታላቅ እህቴ ቦስተን ናት፣ በነሱ ብርድ ወቅት ባሕር ዳር እየዞረች ማዕበል የተፋውን ኤሊ ትለቅማለች፣ በነፃ ነው ደሞ፣ ማንም አይከፍላትም። ስደውልላት ታጽናናኛለች ስል "ማን ወርውር አለህ?" ብላ ጮኸችብኝ። እዚሁ ራሷ ትጻፈው ብዬ ጠርቻታለሁ። እስከዛው የምታውቁ ካላችሁ፣ የውኃ ወፍ እንዴት ውኃ ውስጥ ትሰምጣለች?

ጦሳ ሥር፦
የውኃ ወፍ ሰመጠች ኪኪኪ። ነገ ደሞ ዝንጀሮ ከገደል ወደቀች ብለህ ትመጣለህ። ነፍስ ይማር ወንድሜ፣ ለቅሶው የት ነው?

ታንኳ፦
አትሳቅ ጦሳ፣ ልጁ እውነቱን ነው። እኔ እዚሁ ሐይቅ ላይ መረብ ጥዬ የማድር ሰው ነኝ። የውኃ ወፍ ላባዋ እርስ በርሱ ተሰካክቶ ቅባትም ተቀብቶ ነው ውኃ የማያስገባት፣ የሚያንሳፍፋት ደግሞ በመሐሉ የሚይዘው አየር ነው። ስትታገል አድራ ላባው ተመሰቃቅሎ ጭቃ ከገባበት ግን እንደ እርጥብ ጋቢ ነው የሚከብዳት፣ በዛ ላይ ጉልበቷ አልቋል። እኛ መረብ ላይ ስናገኝ ጭንቅላቷን በጨርቅ ሸፈን እናደርጋለን (ዓይኗ ሲሸፈን ትረጋጋለች፣ እጅህንም አትነክስህም) ከዛ ካርቶን ውስጥ አድርገን ጥላ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ምግብ የለ ምን የለ፣ ዝም። ደርቃ ላባዋን በአፏ መልቀም ስትጀምር ዳር ላይ ታስቀምጣታለህ፣ መሄዱን እሷ ታውቅበታለች። ካልተነሳችም አልተነሳችም፣ ምን ታደርገዋለህ።

መረቡ ግን የማን ነው? እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ናይለን አይበሰብስም፣ ባለቤቱ ረስቶት ቤቱ ሲተኛ መረቡ ማጥመዱን አያቆምም፣ ቆሮሶ ዓሣውንም አምባዛውንም ወፉንም።

የሐይቁ ልጅ፦
ካርቶን በጭራሽ አላሰብኩም ወላሂ። ቶሎ ነፃ ላውጣት ነው ያልኩት።

የሐይቋ ከቦስተን፦
መጣሁ። መጀመሪያ ስለጮህኩብህ ይቅርታ ወንድምዓለም፣ ከሥራ ወጥቼ ደክሞኝ ነበር። ግን የጮህኩት እኔም የመጀመሪያ ቀን ልክ ያንተን ልሠራ ስለነበር ነው።

እዚህ ኬፕ ኮድ የሚባል ቦታ አለ፣ ከቦስተን በመኪና ሁለት ሰዓት ምናምን፣ መሬቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ ክንዱን አጥፎ ጡንቻውን እንደሚያሳይ ጎረምሳ ይታጠፋል። ኤሊዎቹ በነሱ በጋ ለምግብ ይመጣሉ፣ አብዛኞቹ ገና ልጆች ናቸው፣ ኬምፕስ ሪድሊ የሚባለው ዘር፣ ከባሕር ኤሊ ሁሉ በጣም ሊጠፋ የደረሰው እሱ ነው፣ እንቁላላቸውን የሚጥሉትም ባብዛኛው ሜክሲኮ ነው። ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ ልሂድ ሲሉ ያ የታጠፈው ክንድ መውጫ ያሳጣቸዋል። ለመውጣት መጀመሪያ ወደ ሰሜን መዋኘት አለባቸው፣ ይሄን ማን ይንገራቸው? ኤሊ እንደኛ የራሱ ሙቀት የለውም፣ ውኃው የሆነውን ነው የሚሆነው፣ እና ውኃው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ሰውነታቸው ይደነዝዛል፣ መዋኘት ያቅታቸዋል፣ ይንሳፈፋሉ፣ ከዛ ንፋሱ ገፍቶ ገፍቶ ዳር ላይ ይተፋቸዋል።

እኛ እንግዲህ ከኅዳር ጀምሮ ባሕሩ ሞልቶ ሲመለስ እየጠበቅን ዳሩን በእግር ነው የምንሄደው፣ ሌሊት ከሆነም በባትሪ። ሙላቱ ሰዓቱ በየቀኑ ስለሚገፋ አንዳንዴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳለህ። የደሴ ብርድ ብርድ ይመስለኝ ነበር፣ እዛ ንፋሱ አሸዋ ይዞ ነው ፊትህን የሚገርፍህ።

የመጀመሪያ ቀን አንዷን አገኘሁ። ትንሽ ሰፌድ ብታክል ነው። ዓይኗ ተከድኖ አንገቷ ተዝለፍልፎ፣ ስነካት እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች፣ ሞታለች አልኩ። ከዛ እግሯ እንደመንቀሳቀስ ያለ መሰለኝና ሆዴ ባባ፣ ወደ ውኃው ልመልሳት፣ ካልሆነም በጃኬቴ ጠቅልዬ መኪና ውስጥ አስገብቼ ማሞቂያ ልልቀቅላት ብዬ አነሳኋት። አብራኝ የነበረችው አሮጊት (ሰባ ምናምን ዓመቷ ነው፣ እሷን ለመከተል ነው የምሮጠው) እጄን ያዘችኝ። ለካ ሁለቱም ይገድላታል። ያደነዘዛት ያው ውኃ ነው፣ ወደሱ መልሰሽ ምን ልትሆኚ? ቶሎ ካሞቅሻት ደግሞ ሰውነቷ አይችለውም።

የሚደረገው ትንሽ ነገር ነው። ውኃው ከሚደርስበት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ንፋስ እንዳይመታት ደረቅ የባሕር ሳር ማልበስ፣ ከሩቅ እንድትታይ እንጨት ምናምን አጠገቧ ማቆም፣ መደወል። አለቀ። እዛው ኬፕ ኮድ ዌልፍሊት ላይ ማስ ኦዱቦን የሚባለው ድርጅት ነው የሚያስተባብረው፣ ፈቃድ ሳይኖርህ ቤትህ መውሰድ በሕግ ያስጠይቃል፣ ቁጥሩ የተመናመነ እንስሳ ስለሆነ። አንዳንዴ ታደርሺልናለሽ ወይ ይሉሃል፣ ያኔ በሙዝ ካርቶን ነው የሚሰጡህ። አዎ፣ ሱቅ ደጃፍ የሚጣለው የሙዝ ካርቶን። መኪናውን ማሞቂያ አጥፍተህ ነው የምትነዳው፣ ሰውየው ኮፍያና ጓንት አድርጎ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ኤሊዎቹ ከኋላ ተደርድረው፣ ኩዊንሲ ድረስ። እዛ የቦስተኑ አኳሪየም የኤሊ ሆስፒታል አለው። በቀን ሦስት ዲግሪ ገደማ ብቻ እየጨመሩ ቀናት ፈጅተው ነው የሚያሞቋቸው። አንዳንዷ ስትገባ ልቧ በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ሞታለች ለማለት አይቸኩሉም። በፈረንጅ 2014 ከ1,200 በላይ ኤሊ ነው ተፍቶ የተገኘው፣ እኔ ያኔ አልነበርኩም፣ አሮጊቷ ግን ካርቶን አልቆ እንደነበር ስታወራ አትጠግብም።

እና ወንድሜ፣ ወፍህን ያዳንካት በምላጭ ስትቆርጥላት ነበር። ከዛ በኋላ መቀመጥ ነበረብህ።

ጦሳ ሥር፦
እኛ ሠላሳ ሰው በአንድ ሚኒባስ፣ ኤሊ ለብቻዋ በካርቶን። ዓለም እንዲህ ናት።

መምህር ከደሴ፦
ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ረዘም ካለባችሁ እለፉት። ይሄ ወደ ውኃው ቶሎ ልመልሰው የሚለው ነገር ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው በዓሣ ነባሪ ላይ ነው። ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ይበል እንጂ ዓሣ አይደለም፣ በሳንባ ነው የሚተነፍሰው፣ ልጁን ያጠባል። ስለዚህ አሸዋ ላይ ሲቀር አየር አጥቶ አይደለም የሚሞተው። ውኃ ውስጥ እያለ ክብደቱን ውኃው ይሸከምለት ነበር፣ መሬት ላይ ግን የራሱ ሥጋ ሳንባውንና ጡንቻውን ይጨፈልቀዋል። በዛ ላይ ወፍራም ስብ ለብሷል፣ ብርድ አገር ላይ ሆኖ እንኳን በሙቀት ይቃጠላል። ለዛ ነው ሰዎቹ እርጥብ አንሶላ አልብሰው በባልዲ ውኃ ሲያፈሱበት የምታዩት፣ አናቱ ላይ ያለችውን የመተንፈሻ ቀዳዳ ግን አንሶላም ውኃም አያስነኳትም። በጎኑ ወድቆ ከሆነ ቀስ ብለው በሆዱ ያስተካክሉታል፣ ካልሆነ ባሕሩ ሲሞላ በዛች ቀዳዳ ውኃ ገብቶ የባሕር እንስሳ ባሕር ውስጥ ይሰምጣል፣ ልክ እንደ ወፏ። ጭራውን ይዞ መጎተት ደግሞ በጭራሽ፣ መጋጠሚያው ይለያያል። ብዙ ሰዓት ከተጨፈለቀ በኋላ ሲገፉት ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው መርዝ በደሙ ይሰራጭና ዋኝቶ ሄደ ብለው ሲያጨበጭቡለት ሊሞት ይችላል፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ ሐኪም አይቶት ይሄ ይችላል ይሄ አይችልም የሚለው። አይችልም ከተባለ ደግሞ እንዳይሰቃይ ይገድሉታል፣ ይሄን ማየት ነው ለበጎ ፈቃደኞቹ ከባዱ።

ሌላው፣ ፓይለት የሚባለው ዘር ብቻውን አይወጣም፣ ቤተሰብ ነው የሚወጣው። በ2017 በፈረንጅ ኒውዚላንድ ፌርዌል ስፒት ላይ ከ400 በላይ በአንድ ሌሊት ወጥተው፣ ጠዋት ሲደረስ አብዛኞቹ ሞተዋል። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መጣ፣ ባሕሩ ሲሞላ የተረፉትን ወደ ጥልቁ ገፍተው፣ እንዳይመለሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ውኃ ውስጥ አጥር ሠርተው ቆሙ። ቢሆንም የተመለሱ አሉ፣ በማግሥቱም ሌላ ከ200 በላይ የሆነ መንጋ መጣ። የሚገርመው ፌርዌል ስፒትም እህታችን እንዳለችው ኬፕ ኮድ የታጠፈ አሸዋ ነው፣ ለጥ ያለ፣ በድምፅ መንገዳቸውን ለሚለዩ እንስሳት ድምፁ የማይመለስበት። በ2020 ታዝማኒያ ላይ ወደ 470 ወጥተው መቶ ምናምን ነው የዳነው። በ2023 ደግሞ ስኮትላንድ ሉዊስ የሚባል ደሴት ላይ 55 ወጥተው ሲመረመሩ፣ አንዷ እናት ምጥ ላይ ሳለች ልጁ አልወጣ ብሏት ነበር፣ ወደ ዳር የሄደችው እሷ ሆና ሌሎቹ ብቻዋን አንተዋትም ብለው ተከትለዋት ሳይሆን አይቀርም ነው የተባለው። ይሄን ክፍል ውስጥ ስነግር ሴቶቹ ተማሪዎች ዝም ይላሉ፣ ወንዶቹ ፓይለት የሚለው ላይ ይስቃሉ።

ጦሳ ሥር፦
መምህር ጥሩ ነው ግን ሞቶ የቀረውን ምን ያደርጉታል፣ ያን የሚያህል ሥጋ?

መምህር ከደሴ፦
ይቀበራል፣ ይጎተታል፣ አንዳንዴ እዛው ይተዋል። በ1970 በፈረንጅ ኦሪገን ላይ ግን አንዱን በግማሽ ቶን ዲናሚት እናፍነዳው ብለው ሥጋው ከሰማይ ዘንቦ የሰው መኪና ጨፍልቋል። ቀልድ አይደለም፣ በካሜራ ተቀርጿል።

ጦሳ ሥር፦
እነዚህ ቢላ የያዘ ወሎዬ አጥተው ነው። ቅርጫ አናውቅም እንዴ?

ባቲ ሰኞ፦
ሁሉንም አነበብኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ ግን እኔን አልዋጠልኝም። የአጎቴ ልጅ ከባቲ ወጥቶ ጅቡቲ ባለው በኦቦክ በኩል ጀልባ ላይ ወጣ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም፣ አስከሬኑንም ያየ የለም። እናቱ እስካሁን ማታ በሩን ጥርቅም አድርጋ አትዘጋም። ለሱ ማን ነው በባትሪ ዳር ለዳር የዞረለት? ለኤሊ ሆስፒታል አለ፣ ቁጥር አለው፣ በቀን ሦስት ዲግሪ ይባልለታል። ማንንም ለመስደብ አይደለም። ሳነብ እንዲህ ተሰማኝ።

ታንኳ፦
አላህ ይርሐመው ወንድሜ። እኛም ሰፈር አለ፣ አንድ ሁለት ቤት አይደለም።

የሐይቋ ከቦስተን፦
ባቲ ሰኞ፣ የምመልስልህ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ሌሊት ዳሩን ስሄድ ባትሪዬ የሆነ ጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ፣ ከመጠጋቴ በፊት ባለችው በዛች ቅጽበት የሚታየኝ ኤሊ አይደለም። የኛም ሰፈር ልጆች በዛው በኦቦክ ነው የሄዱት። ጠጋ ስል ኤሊ ሆኖ ሳገኘው አልሀምዱሊላህ እላለሁ፣ ለእንስሳው ሳስብ ያሳፍረኛል ግን እላለሁ። ለእናቱ ሰላም በልልኝ፣ የሐይቅ ልጅ ናት በላት።

የአሰብ መንገድ፦
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ስልክ ላይ መጻፍ የልጅ ልጄ ናት ያስለመደችኝ፣ ብሳሳት እለፉኝ። እኔ ተሳቢ ስነዳ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ ብለን አሰብ እንገባ ነበር፣ በ1990 ያ ጦርነት መጥቶ መንገዱ እስኪዘጋ። ጭነት እስኪደርሰን ሳምንትም እንቀመጣለን፣ ሙቀቱ መኪና ውስጥ አያስተኛም፣ ከከተማው ወጣ ብለን አሸዋው ላይ ሸራ ዘርግተን ነበር የምናድር። አንድ ሌሊት ጨረቃ ናት፣ ከባሕሩ አንዲት ኤሊ ወጣች፣ የሻይ ጠረጴዛ ታህላለች፣ አሸዋውን እየቧጨረች ወደኛ ትመጣለች። ዓይኗ እንባ ያወርዳል። እኛ ሦስት ሾፌሮች የወሎ ሰዎች፣ አዘንን። ይቺ ምስኪን መንገድ ስታለች አልንና ለሦስት እየገፋን እያዞርን ባሕር አስገባናት። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። እንደገና አስገባናት፣ ወገቤ እስኪቀነጠስ። ሦስተኛ ስትመጣ አንድ የአፋር አሣ አጥማጅ ከየት እንደመጣ እንጃ እየጮኸ መጣ። አማርኛው ጎደሎ ነው ግን ገባን፣ "እንቁላል! እንቁላል!" ይለናል። ልትወልድ የመጣች ናት ለካ። ስንዴ እንደሚዘራ ሰው ጉድጓዷን ቆፍራ ጥላ ሸፍና ልትሄድ፣ እኛ ደጋጎቹ ሦስቴ መለስናት። እያፈርን ሸራችንን ጠቅልለን መኪናችን ገባን። ያን ሌሊት በሙቀት ነደድን።

የሐይቁ ልጅ፦
ጋሼ አንቱ ሦስቴ፣ እኔ አንዴ። ተጽናናሁ ወላሂ።

መምህር ከደሴ፦
ኪኪ ጋሼ እንዲህ ያለ ማስረጃ ለክፍል ነበር የሚጠቅመኝ። እንባው ሐዘን አይደለም፣ ከባሕር የጠጣችውን ጨው የምታስወጣበት ነው። ዳር ላይ የተገኘ ሁሉ የተቸገረ አይደለም። የማኅተም ግልገል፣ ሲል የሚባለው ጺማሙ እንስሳ፣ እናቱ ዓሣ ልታድን ስትሄድ አሸዋ ላይ ትታው ነው የምትሄደው፣ ሰው ግን ወላጅ አልባ ነው ብሎ ያነሳዋል። ራቅ ብሎ ውሻ እያባረሩ ማየት ነው የሚሻለው።

ጦሳ ሥር፦
የማኅተም ግልገል? መምህር ይሄ ደሞ ከየት መጣ፣ የቀበሌ ማኅተም ነው?

መምህር ከደሴ፦
አንዱ መጽሐፍ ላይ እንደዛ ተርጉመውት አይቼ ነው፣ ተወው፣ ሲል በለው።

ባቲ ሰኞ፦
እህቴ፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ኤሊ ምን ሆነች?

የሐይቋ ከቦስተን፦
ሳንባ ምች ይዟት ነበር፣ ቆይታ ዳነች። ከዛ በበጎ ፈቃደኞች ትንሽ አውሮፕላን ወደ ደቡብ ወስደው ሞቃቱ ባሕር ላይ ለቀቋት አሉኝ። ሁሉም አይተርፍም። በዛው ወር በኋላ ያገኘኋቸው አራቱ የእውነት ሞተው ነበር፣ እሱንም ግን ደውለህ ነው የምታስረክበው፣ አንተ አትወስንም።

ባቲ ሰኞ፦
በአውሮፕላን። እሺ። ሰላምታሽን ነግሬያታለሁ፣ ሐይቅ የማን ልጅ ናት ብላ ጠየቀችኝ።

የሐይቋ ከቦስተን፦
በውስጥ ጻፍልኝ፣ እደውልላታለሁ።

ታንኳ፦
በአውሮፕላን ስትሉ ትዝ አለኝ፣ የኛ ቆሮሶም እኮ የመጤ ልጅ ነው። አባቶቻችን ዱሮ ሐይቅ ላይ አልነበረም ነው የሚሉን፣ ከሌላ ቦታ አምጥተው ጨመሩት። በምን ካርቶን እንደመጣ እንጃ።

መምህር ከደሴ፦
ልክ ነህ፣ በፈረንጅ 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው የገባው።

የሐይቁ ልጅ፦
ማብቂያው ይኸውላችሁ። ዛሬ ጠዋት ከታንኳ ጋር (በአካል ተገናኘን፣ ያውም ከእህቴ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ነው) ደንገሉን ዳር ዳሩን ዞርን። ወፏ የተያዘችበትን መረብ አወጣነው፣ ሥሩ ሌላ መረብ፣ ከሱ ሥር ሌላ። ሁለት ማዳበሪያ ሞላ። ክረምት የገባበት ጭቃ ስለሆነ በእጅ አይወጣም፣ እየቆረጥን ነው፣ ገና ያልደረስንበት አለ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመጣ ካለ ምላጭና ቦቲ ይዞ ይምጣ። ከመጨረሻው መረብ ውስጥ ደሞ አንዲት ወፍራም ቆሮሶ በሕይወቷ አገኘን።

ጦሳ ሥር፦
ወረወርካት?

የሐይቁ ልጅ፦
ታንኳ በጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ላይ አስቀመጣት። ከዛ በበርበሬ ጠበሳት።